ጊብሰን ወይስ ዳየር? አሮጌ ሃርፕ ጊታር ለሚገዛ

ሃርፕ ጊታር ከስድስቱ ክሮች ሌላ በጣት ሳይጫኑ የሚመቱ የባስ (ወፍራም ድምፅ ያላቸው) ክሮች አሉት። ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ከተሠሩት ውስጥ ገዢ በብዛት የሚያነሳው ሁለቱን፣ ጊብሰንንና ዳየርን ነው።

ጊብሰን ስታይል ዩ የተባለው ሞዴል የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ከተማ የካላማዙ ሥራ ነው። የባስ ክሮቹ አሥር ናቸው፤ ፊቱም እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ብሎ የተቀረጸ ነው። ሲያዩት ያስደንቃል። ግን ግዙፍ ነው፣ ይከብዳል። በዋጋ ብዙ ጊዜ ከዳየር ይረክሳል።

ዳየርን የሠሩት የቺካጎዎቹ የላርሰን ወንድማማቾች ናቸው። አምስት የባስ ክሮች ብቻ ነው ያሉት። ዋናው ነገር ክንዱ፣ ማለትም ከሣጥኑ ወጥቶ የባስ ክሮቹን የሚይዘው ክፍል ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከሣጥኑ ጋር አብሮ ያስተጋባል። አሜሪካዊው ጊታሪስት ማይክል ሄጅስ መድረክ ላይ የተጫወተበት ይህንኑ ነው። እውነት ለመናገር፣ ድምፁን አንዴ የሰማ ሰው ሌላውን መምረጥ ይከብደዋል።

ዳየር ስትገዙ ክንዱ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን፣ ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) መነሳት አለመነሳቱን እዩ። ጊብሰን ከሆነ ደግሞ ፊቱ እንዳልሰመጠ አረጋግጡ። በሁለቱም ላይ ወፍራም ክር አትወጥሩ፤ ደረቅ አየርም አሮጌ እንጨት ይሰነጥቃል። ለመጫወት ከሆነ እኔ ዳየርን እላለሁ። ጊብሰን ለሰብሳቢ ይሁን።