ከባድ ስርቆት ወይስ መሸሸግ?

ከደሴ ሙዚየም የጠፋ ብራና ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ውስጥ ተገኘ እንበል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 669፣ በከባድ ስርቆት፣ ለመክሰስ ባለሱቁ ራሱ መውሰዱን የሚያሳይ ምስክር ወይም አሻራ ይፈልጋል። ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ እንደተዘረፈበት ባለ ግርግር ይህ እምብዛም አይገኝም።

አንቀጽ 682፣ መሸሸግ (ሌላ ሰው የሰረቀውን ዕቃ መቀበል ወይም መደበቅ)፣ ይቀላል፤ ወሳጁ ባይታወቅም ያስኬዳል። ዋናው ጥያቄ ግን ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን ባለሱቁ ያውቅ እንደነበር ነው። እዚህ ላይ በምላጭ የተፋቀ የሙዚየሙ መለያ ቁጥር ብዙ ይናገራል፤ ስለዚህ ብራናው ሳይጠረግ ፎቶ ይነሳ።

ሁለቱንም ክስ የሚጥለው ያልተሟላ የሙዚየሙ መዝገብ ነው። የመዝገቡ ካርድ «ብራና፣ 1» ብቻ ካለ፣ ተከሳሹ «የአያቴ ነው» ይላል፣ አለቀ። የቅጠሉ ብዛት፣ ልኩ፣ የተጠገነበት ስፌት ከተጻፈ ግን መልስ ያጣል።