«ቀላል የወንዝ ሸለቆ ጉዞ» ለሚባል የብስክሌት ጥቅል ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ውድ ወገኖቼ፣ በተለይም በአውሮፓ ከተሞች የምትኖሩና በእረፍት ቀናችሁ ብስክሌት መንዳት ልማድ ያደረጋችሁ፣ ይህን የምጽፈው በደቡብ ስፔን፣ በግራናዳ አውራጃ፣ በጉዋዳልፌዮ ወንዝ ሸለቆ «ለማንኛውም ሰው የሚሆን ቀላል ጉዞ» ተብሎ የተሸጠልንን ጥቅል ሌላ ሰው ሳያጣራ እንዳይገዛ ለማስጠንቀቅ ነው። ድርጅቱ ጋር የጀመርነው ክርክር ገና ስላላለቀ ስሙን አልጠራም፤ ደግሞም ተመሳሳይ ማስታወቂያ የሚያወጡ ሻጮች ከአንድ በላይ በመሆናቸው፣ የሚጠቅማችሁ የአንዱን ስም ማወቅ ሳይሆን የአሻሻጡን ስልት ማወቅ ነው።

የገዛነው ያለ አስጎብኚ በራሳችን የምንነዳው የ5 ቀን ጉዞ ነበር። በዋጋው ውስጥ ማደሪያ፣ የኪራይ ብስክሌት፣ ሻንጣችንን ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው የሚያደርስ መኪና፣ እንዲሁም በስልክ የሚከፈት የመንገድ ካርታ እንደሚካተት ተጽፏል። ለእያንዳንዳችን የተጠየቀው 790 ዩሮ ሲሆን፣ እኔ፣ ባለቤቴና 61 ዓመት የሞላው ወንድም ጋሼ ከዚህ ላይ 40 በመቶውን በቀብድ መልክ በባንክ አስተላለፍን። ማስታወቂያው ጠቅላላውን ርቀት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል፤ በቀን ሲካፈል 30 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እኛ የምንኖረው ፍራንክፈርት ስለሆነ በማይን ወንዝ ዳር ይህን ያህል ርቀት ከምሳ በፊት ጨርሰን እንመለሳለን። ስለዚህ «ወንዝ»፣ «ሸለቆ» እና «30 ኪሎ ሜትር» የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ ስናነብ በአእምሯችን የተሳለው የማይን ዳርቻ ነበር፤ ሻጩም ይህን ሥዕል የሚያርም አንድም ቃል አልጻፈም።

አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በአውቶቡስ የተሻገረ ሰው የወንዝ ሸለቆ ማለት ሜዳ ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። ጉዋዳልፌዮም እንዲሁ ነው። ወንዙ በሰሜን በሲየራ ኔቫዳ፣ በደቡብ ደግሞ በኮንትራቪየሳና በሉሃር ተራሮች መካከል ተጨምቆ ይወርድና በሳሎብሬኛና በሞትሪል መካከል ከሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። አልፑሃራ የሚባለው ይህ አገር በዓለም ሁሉ የታወቀባቸው ነጫጭ መንደሮች ግን ወንዙ ዳር የተቀመጡ አይደሉም። ሙስሊሞች አገሩን ይገዙ በነበረበት ዘመን የተዘረጉት የመስኖ ቦዮች የበረዶ ውኃን ከተራራው እየቀለበሱ በሚያመጡበት ከፍታ ላይ፣ በገደሉ ወገብ ተሰድረው የሚታዩ ናቸው። የፖኬይራና የትሬቬሌዝ ገባር ወንዞችም ተራራውን ከላይ ወደ ታች በጥልቁ ሰንጥቀውታልና፣ መንደር ከመንደር የሚያገናኘው መንገድ በየገደሉ ውስጥ ገብቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በማዶው እንደገና እየወጣ ይሄዳል። በካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት መንደሮች ለብስክሌተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆኑ የሚችሉት ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ በማዕድን ውኃዋ ከታወቀችው ከላንሃሮን ተነስቶ ካፒሌይራ ያድራል። ላንሃሮን 660 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን መንገዱ መጀመሪያ ወደ ኦርሂቫ፣ ወደ 450 ሜትር ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት ያስደስታል፤ ችግሩ የወረዳችሁትን ሁሉ መልሳችሁ መውጣታችሁ ነው። ከኦርሂቫ በኋላ ፓምፓኔይራን አልፎ 1,436 ሜትር ላይ እስከምትገኘው ካፒሌይራ ድረስ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ማለትም በየ100 ሜትሩ በአማካይ 5 ሜትር ዳገት፣ ያውም ማረፊያ የሚሆን ሜዳ ብዙም ሳይኖርበት። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ የከፍታው ቁጥር ራሱ አላስፈራኝም ነበር፤ ትሬቬሌዝ እንኳ 1,476 ሜትር ላይ ስትሆን ከአዲስ አበባ በብዙ ታንሳለች። ብስክሌተኛን የሚጥለው ግን የሚደርስበት ከፍታ ሳይሆን እዚያ ለመድረስ በእግሩ የሚገፋው ዳገት ድምር ነው። ይህ ድምር በማስታወቂያው ላይ፣ በውሉ ላይ፣ ከክፍያ በኋላ በተላከልን ባለ 12 ገጽ መግለጫ ላይም አልነበረም። ድርጅቱ የሰጠን ካርታ ሲከፈት ግን ድምሩን ራሱ ያሰላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በእጃቸው ነበር። ዛሬም የሚያስቆጣኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት በብስክሌቶቹ ላይ ነበር። በውሉ ላይ የተጻፈው «ለተራራ መንገድ የሚስማማ የረጅም ጉዞ ብስክሌት» ይላል። ላንሃሮን ስንደርስ የተሰጡን ግን ለእሽቅድድም የተሠሩ ቀጫጭን ጎማ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ትንሹ የፊት ማርሽ 39 ጥርስ፣ ትልቁ የኋላ ማርሽ ደግሞ 25 ጥርስ ነበራቸው። የዚህ ትርጉም ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፦ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሩ የኋላው ጎማ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ ይዞራል፤ ይህ በሜዳ ፍጥነት ይሰጣል፣ በረጅም ዳገት ግን ጉልበትን ይሰብራል። ለእንዲህ ዓይነቱ አገር የሚያስፈልገው የኋላው ትልቁ ማርሽ ጥርስ ብዛት ከፊቱ ትንሹ ጋር እኩል የሆነበት ወይም የሚበልጥበት ብስክሌት ነው። ወንድም ጋሼ ይህን አይቶ «ይህ እኮ ለወጣት ሯጭ የተሠራ ነው፤ ሌላ አምጡልን» ብሎ ጠየቃቸው። ሌላ እንደሌለ፣ ከፈለግን ግን ተጨማሪ ከፍለን በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መከራየት እንደምንችል ነገሩን። ለእሱ ብቻ ተከራየን፤ ለቀሪዎቹ ቀናት 140 ዩሮ አስከፈሉን። ከፓምፓኔይራ በላይ እኔና ባለቤቴ ብስክሌታችንን እየገፋን በእግራችን ነው የወጣነው።

በዳገት የሚደርሰው ድካም ነው፤ በቁልቁለት የሚደርሰው ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። ከትሬቬሌዝ ወደ ካዲያር ስንወርድ የባለቤቴ የኋላ ፍሬን ጨርሶ መያዝ አቆመ፤ ስንመለከተው የፍሬኑ ላስቲክ እስከ ብረቱ ተበልቷል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ሳስበው አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ለድርጅቱ ስንደውል በገደሉ ውስጥ ስልክ አልሠራ ብሎ ጥቂት መሄድ ነበረብን፤ ከተገናኘን በኋላም «ድጋፍ ሰጪው መኪና በዋጋው ውስጥ የለም፣ ለአንድ ጊዜ 60 ዩሮ ነው» ተባልን። ማስታወቂያው «በማንኛውም ሰዓት ድጋፍ» ሲል ድጋፉ የሚሸጥ መሆኑን በግርጌ በደቃቅ ፊደል ነበር የጻፈው።

ካርታቸውም የሚታመን አልነበረም። ከካዲያር ወደ ኦርሂቫ የሚመልሰው የኤ-348 አስፋልት ቶርቪስኮን አጠገብ ሲደርስ ስልኩ ከመንገዱ አስወጥቶ በበጋ ወደሚደርቅ ወንዝ ውስጥ አስገባን፤ አሸዋና ድቡልቡል ድንጋይ ነው፣ ቀጭን ጎማ ይውጣል። እንዲህ ያሉ ደረቅ ወንዞች በተራራው ላይ ዝናብ ሲዘንብ በድንገት ሊሞሉ ስለሚችሉ፣ ሰማዩ በጠቆረበት ቀን ማንም እንዳይገባባቸው አደራ እላለሁ። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፦ ሲየራ ኔቫዳን የሚዞረው «ትራንስኔቫዳ» የተባለ ከ450 ኪሎ ሜትር የማያንስ የታወቀ መንገድ አለ፤ አብዛኛው ፒስታ በመሆኑ ለተራራ ብስክሌት የሚሆን ነው። ሻጭ ይህን ስም ጠቅሶ የአስፋልት ብስክሌት ቢያቀርብላችሁ ሁለቱ እንደማይገጥሙ እወቁ።

አገሩን አላማሁም። የፓምፓኔይራን የጭስ መውጫዎች፣ ከፖርቱጎስ በታች ብረት ያቀላውን የምንጭ ውኃ፣ ማለዳ ከካፒሌይራ በላይ የሚታየውን ተራራ ያየ ሰው እንደገና መሄድ ይፈልጋል፤ እኔም እመለሳለሁ። ከዳገቱ ጋር ተዋውቆ፣ ተስማሚ ማርሽ ይዞ፣ በበጋው ሙቀት ሳይሆን በጸደይ ወይም በበልግ የሚሄድ ሰው አይጸጸትም። በእውነት ቀላል የወንዝ ዳር ጉዞ የምትሹ ከሆነ ግን ግራናዳ ባለችበት በዚያው በአንዳሉሲያ ክልል፣ ከኦልቬራ ወደ ፑዌርቶ ሴራኖ የሚወርደውን «ቪያ ቬርዴ ደ ላ ሲየራ» ፈልጉ። 36 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መንገድ ለባቡር ተብሎ ተሠርቶ ባቡር ያልሄደበት ነው፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣም ቁልቁለቱ ለዘብ ያለ ነው፣ ዋሻዎቹም ከፀሐይ ያሳርፋሉ። ዋሻ ውስጥ ለመግባት መብራት መያዝ እንዳትረሱ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ብዙዎቻችን የምንጎዳው እዚህ ላይ ነውና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ «ጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቷል» የሚለውን ማስታወቂያ አይቼ በዚያው ምሽት ቀብዱን በባንክ ማስተላለፌ ትልቁ ስህተቴ ነበር። በካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ባንኬ በኩል ክፍያውን መከራከር እችል ነበር፤ ወድጄና ፈርሜ ያስተላለፍኩትን ገንዘብ ግን ባንኩ ከተቀባዩ ፈቃድ ውጭ የሚመልስበት መንገድ ጠባብ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ በኢንተርኔት የተገዛ ነገር ሁሉ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል ብሎ ያምናል። ቀኑ ተቆርጦ ለተያዘ ማደሪያና የመዝናኛ አገልግሎት ይህ መብት አይሠራም፤ እኔም ይህን ያወቅሁት ከረፈደ በኋላ ነው።

ሕግ ጨርሶ አይጠብቀንም ማለት ግን አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ ማደሪያና የጉዞው ዋና አካል የሆነ ሌላ የቱሪስት አገልግሎት በአንድ ጠቅላላ ዋጋ ከተሸጡ፣ ደረሰኙ ተነጣጥሎ ቢጻፍም እንኳ፣ ሻጩን ለጠቅላላው አገልግሎት ተጠያቂ ያደርገዋል። የእኛ ድርጅት የማደሪያውንና የብስክሌቱን ደረሰኝ ለየብቻ ልኮ «እኛ አከራይ ብቻ ነን» ለማለት ሞክሯል፤ ማስታወቂያው ግን 790 ዩሮ የሚል አንድ ዋጋ ብቻ ነበረው፣ የገጹን ፎቶም ይዣለሁ። መመሪያው ከእኛም የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ጉድለቱን ሳንዘገይ፣ በቦታው ሳለን ማሳወቅ አለብን። ስለዚህ ማርሹ የማይስማማ፣ ፍሬኑም የተበላ ሆኖ ካገኛችሁት በስልክ ብቻ አትንገሩ፤ በዚያው ሰዓት በጽሑፍ ላኩ፣ ፎቶ አያይዙ።

ብስክሌቱን ስትረከቡም ዙሪያውን ፎቶ አንሱ። እኛ ሳናደርግ በመቅረታችን ስንመልስ «ጭረት አለበት» ብለው ከማስያዣው 110 ዩሮ ቆረጡብን፤ ጭረቱ ዝገት የያዘ፣ ከእኛ በፊት የነበረ መሆኑን በዓይናችን ብናይም ማስረጃ አልነበረንም።

በአንዳሉሲያ ማንኛውም ንግድ ቤት «ኦሃስ ደ ሬክላማሲዮኔስ» የሚባለውን የቅሬታ ቅጽ ደንበኛ ሲጠይቅ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከአገሩ ሳትወጡ ሙሉት፣ ቅጂውን ያዙ፤ ድርጅቱ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት ይኖርበታል። ቅጹን አልሰጥም ካለ ለአካባቢው ፖሊስ አመልክቱ። በሌላ የኅብረቱ አገር የምትኖሩ ከሆነ በየአገራችሁ ያለው የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል ጉዳዩን ያለ ክፍያ ይዞ ከስፔኑ አቻው ጋር ይነጋገርላችኋል። ከአሜሪካ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሄዱ ይህ በር ስለማይከፈትላችሁ በካርድ መክፈሉ ለእናንተ የበለጠ ያስፈልጋል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ለሻጩ በጽሑፍ ጠይቁ፦ የእያንዳንዱ ቀን የዳገት ድምር ስንት ሜትር ነው? ትንሹ የፊት ማርሽና ትልቁ የኋላ ማርሽ ስንት ስንት ጥርስ አላቸው? መንገዱ ምን ያህሉ አስፋልት ነው? ብስክሌት ቢበላሽ የሚመጣው መኪና በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? ሐቀኛ አከራይ ይህን በአንድ ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ለሚቀጥለው ጉዞ የጠየቅኋቸው ሁለት ትንንሽ አከራዮች በዚያው ዕለት መልሰውልኛል፣ አንደኛውም «ለ61 ዓመት ሰው ይህን መንገድ ያለ ኤሌክትሪክ አልመክርም» ብሎ በግልጽ ጽፎልኛል።

የእኛ ጉዳይ እዚህ ደርሷል፦ ቅጹን ኦርሂቫ ሳለን ሞልተናል፤ ድርጅቱ ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ የ15 በመቶ ቅናሽ ሊሰጠን እንደሚፈልግ መልሷል። አልተቀበልንም። የጠየቅነው የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ 140 ዩሮ፣ የተቆረጠው 110 ዩሮና ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ተገቢው ቅናሽ በገንዘብ እንዲመለስልን ሲሆን፣ ፋይሉን በጀርመን ላለው የሸማቾች ማዕከል አስተላልፈናል።