ሳይቦረቦር የዳነ ጥርስ፦ የፍሎራይድ ቫርኒሽ በሦስት ቀጠሮ

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጥርሷን ስታጸዳ አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ፣ በሁለቱ የላይኛ የፊት ጥርሶቿ ላይ፣ ልክ ከድዱ ጠርዝ ሥር፣ የኖራ ጠብታ የመሰለ ነጭ ምልክት አየሁ። መጀመሪያ የወሰድኳት ክሊኒክ ጥርሱን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያይ «መበስበስ ጀምሯታል፤ ተቦርቡሮ መሞላት አለበት» ብሎ የሁለቱንም ዋጋ ነገረኝ። ሥራው በዚያው ዕለት እንዲጀመር ቢገፋፉኝም፣ ሌላ ሐኪም ይየው ብዬ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ይህ ግምገማ በሁለተኛው ክሊኒክ ስለተሰጠን የፍሎራይድ ቫርኒሽ፣ ማለትም ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ያለበት፣ ጥርስ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ሕክምና ነው።

ዶክተሯ ከሁሉ በፊት ጥርሶቹን በጥጥ ጠርገው በአየር አደረቁና መስተዋት አስይዘው አሳዩኝ። ሲደርቅ ነጩ ምልክት ጎልቶ ይወጣል፤ ምራቅ ሲነካው ይደበዝዛል። ገጹ ሻካራና ወዝ የሌለው ቢሆንም ቀዳዳ አልነበረውም። በጥርስ ላይ የተጋገረው ባክቴሪያ ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጥና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ፣ ካልሲየምና ፎስፌት ከጥርሱ ሽፋን እየሟሙ ይወጣሉ፤ አሲዱ ሲረግብ ደግሞ ምራቅ ከወጣው የተወሰነውን መልሶ ያስገባል። ነጩ ምልክት የሚፈጠረው የሚወጣው ከሚገባው በልጦ ሲሰነብት ነው። ፍሎራይድ ማዕድኑ ፈጥኖ እንዲመለስ ያግዛል፤ በዚህ መንገድ የተጠገነውም ሽፋን ከቀድሞው ይልቅ አሲድን ይቋቋማል። አንዴ ከተቀደደ በኋላ ግን ቫርኒሽ ቀዳዳ አይደፍንም፤ ይህንን ዶክተሯ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነግረውኛል።

ቫርኒሽ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ከአናጺ ቤት የመጣ ስለሆነ፣ እናቴ ስትሰማ «ልጅቷን እንደ ቁም ሳጥን ሊቀቧት ነው?» ብላ ሳቀች። የፍሎራይድ ስም ሲነሳ ግን ሳቁ ቆመ። እናቴ ያደገችው ወንጂ ነው፤ የእሷም ሆነ የእህቶቿ ጥርስ ቡናማ ነው፤ ምክንያቱም በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች የጉድጓድ ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለበት። በሁለተኛው ቀጠሮ አብራን መጥታ «የእኛን ጥርስ ያበላሸው ይኸው አይደለም እንዴ?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀች። ዶክተሯ «እማማ፣ እርስዎ ጥርስዎ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ለዓመታት የጠጡት ነው፤ ይህ ደግሞ ከወጣ ጥርስ ላይ በዓመት ጥቂት ቀን የሚቀባ ጠብታ ነው» አሏት። በጥርስ ላይ የሚታየውም ልዩነት አለው፦ የወንጂው ዓይነት ምልክት በግራና በቀኝ ጥንድ ጥርሶች ላይ ተመሳስሎ የሚወጣ ሲሆን፣ የመበስበስ ጅማሬ ግን ቆሻሻ በሚጠራቀምበት በድድ ጠርዝ ይቀመጣል። እናቴ ሙሉ በሙሉ ባትረታም፣ ከዚያ በኋላ አልተቃወመችም።

ሥራው ራሱ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፤ መርፌም ሆነ የመቦርቦሪያ ድምፅ የለም። ጥርሱ ይደርቅና ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ በትንሽ ብሩሽ ይቀባል፤ ምራቅ ሲነካው ወዲያው ይረጋል። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት 5 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለው ነው፤ ይህም 22,600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 22,600 እጅ) ፍሎራይድ ማለት ሲሆን፣ የተለመደው የጥርስ ሳሙና ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም ብቻ ነው ያለው። መጠኑ ከፍተኛ ቢመስልም ለአንድ ልጅ የሚቀባው ከግማሽ ሚሊ ሊትር በታች ነው። ልጄ «ዕጣን ያኘክሁ መሰለኝ» አለች፤ እውነቷንም ነው፣ ብዙዎቹ ቫርኒሾች የሚዘጋጁት ከፓይን ዛፍ በሚገኝ ሙጫ ነው። በዚያ ቀን ትኩስና ጠንካራ ነገር ክልክል ስለነበረ ቆሎ ተከለከለች፤ ሽሮውም በርዶ ቀረበላት። ጥርሷን እስከ ማግስቱ ጠዋት አላጸዳችም፤ ፈገግ ባለች ቁጥር የሚታየው ቢጫ ሽፋንም በማግስቱ በብሩሽ ለቀቀ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ምርት፣ ዱራፋት፣ በአውሮፓ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 የፍሎራይድ ውጤቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካቷል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ግምገማ ቫርኒሽ በቋሚ ጥርስ ላይ መበስበስን በአማካይ በ43 በመቶ፣ በወተት ጥርስ ላይ ደግሞ በ37 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል፤ ይህ አኃዝ ግን ስለ መከላከል እንጂ የጀመረውን ስለ መመለስ አይደለም። ለጀመረው የሚያገለግለው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ሲሆን፣ ላልተቀደደ የጥርስ የፊትና የኋላ ገጽ ቫርኒሹ በየሦስት እስከ ስድስት ወር እንዲደገም ይመክራል።

በየሦስት ወሩ ሦስት ጊዜ ከተቀባች በኋላ ያየሁት ይህ ነው፦ የአንዱ ጥርስ ምልክት ቀንሶ ወዝ አግኝቷል፤ የሌላው ስፋት እምብዛም ባይለወጥም ገጹ ጠንክሮ ያበራል፣ ዶክተሯም «ቆሟል» ብለዋል። ነጭነቱ ጭራሽ ይጠፋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። በምርመራው የተገኘ አንድ የወተት መንጋጋ ግን ቀድሞ ተቀድዶ ስለነበረ ተሞላ። ጠዋት ትምህርት ቤት ይዛው የምትሄደውንና እስከ ምሳ ስትጎነጨው የምትውለውን ስኳር የበዛበት ሻይ ባናስቀር ኖሮ ውጤቱ ይህን ያህል ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።

በዋጋ ረገድ የሦስቱ ቀጠሮ ድምር መጀመሪያ ለመሙላት ከተጠየቅሁት ግማሽ አልሞላም። ቅሬታዬ በአሠራሩ ላይ ነው። ከመቀባቱ በፊት አስም ወይም አለርጂ እንዳላት ማንም አልጠየቀንም፤ ከእነዚህ ምርቶች የአንዳንዶቹ መግለጫ ግን ለአስም ሕመምተኞችና ሙጫው ለማይስማማቸው እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል። የተቀባችው የትኛው ምርት እንደሆነም በካርዷ ላይ አልተጻፈም፤ ጠይቄ ነው ያስጻፍኩት። ቀጠሮም አያስታውሱም፤ ሁለተኛው በዚህ ምክንያት ሦስት ሳምንት ዘግይቶብናል። የሚቀጥለው ጥር ላይ ስለሆነ ስልኬ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ እናቴም አብራን ልትመጣ ነው፤ «የእኔን ቡናማ ምን ያደርጉልኝ ይሆን?» እያለች ነው።