ለገጠር ቤት የገዛሁት የሶላር ኪት፣ መብራት ሲጠፋ እስከየት ያዛልቃል?

ፍርዱን መጀመሪያ ልንገራችሁና ረጅም ማንበብ ያልፈለገ በዚሁ ይሂድ። ለመብራት፣ ለስልክና ለሬዲዮ ከሆነ ግዙት፣ አትቆጩም። ለቲቪ ይሆናል ግን በልክ። ፍሪጅም ያነሳል ካውያም ያነሳል የሚላችሁን ሻጭ ግን ሳቅ ብላችሁ እለፉት።

እቃው መርካቶ የገዛሁት ኪት ነው። 80 ዋት የተባለ ፓኔል፣ 12.8 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር እዛው ባትሪው ሳጥን ውስጥ ነው፣ አራት ባለ 3 ዋት አምፖል ከነገመዳቸው፣ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ አንድ ደሞ ለቲቪ የሚሆን የ12 ቮልት መውጫ። 18 ሺህ ብሎ ጀመረ በ16 ሺህ ተኩል ተስማማን። ብራንዱን አልጠራም፣ አንዱን ሳጥን በሶስት የተለያየ ስም ጎን ለጎን ባሉ ሱቆች አይቼዋለሁ፣ ስሙን ብነግራችሁም የምታገኙት ያንኑ ስለመሆኑ ዋስ የለኝም።

የተገዛው ቡታጅራ አካባቢ ገጠር ላለው የቤተሰብ ቤት ነው። እዛ መብራት አለ። ማለቴ ፖል አለ፣ ሽቦ አለ፣ ካርድ ቆጣሪ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እማዬ ካርድ ታስሞላለች። የሚጎድለው መብራቱ ራሱ ነው። ንፋስ ሲነፍስ ይጠፋል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ጠራራ ፀሐይ ላይም ይጠፋና ምክንያቱን የሚነግር የለም። አባዬ ለመስቀል ስንሰበሰብ "ግድቡ ተመርቋል ብላችሁኝ አልነበር?" ብሎ ያዘኝ። ተመርቋል፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ግን እኮ ኃይል ማመንጨት ሌላ፣ መንደር ድረስ ማድረስ ሌላ ነው። የኛ መስመር ከማከፋፈያ ጣቢያው ተነስቶ በእንጨት ፖል ስንት ቀበሌ አቋርጦ ነው የሚመጣው፣ መሀል ላይ አንድ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ከወደቀበት ከዛ ወዲህ ያለው ሰው ሁሉ ጨለማ ነው፣ ሌላ መስመር የለውም። ትራንስፎርመር ከተቃጠለማ በቃ፣ ተራ እስኪደርስ ጠብቁ ነው። ስለዚህ ግድብ ተመረቀ ብላችሁ ለገጠር ቤት መዘጋጀቱን እንዳትተዉት።

አሁን ወደ ቁጥሩ፣ ሻጮቹ እንዳትጠይቋቸው የሚፈልጉት እዚህ ጋ ነው። ባትሪው የሚይዘው ጉልበት 12.8 ሲባዛ በ20፣ 256 ዋት ሰዓት ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጽፉትን ሌላ ቁጥር ሁሉ ተዉትና ይቺን ያዙ። አራቱም አምፖል ከማታ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቢበራ 60 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ሶስት ስማርት ስልክ ከባዶ እስከ ሙሉ ቻርጅ ቢደረግ ሌላ 60 ገደማ። እዚህ ድረስ ገና ግማሽ አልደረሰም፣ ለዛ ነው ለመብራትና ለስልክ ግዙት ያልኩት፣ ፀሐይ ባትወጣ እንኳን ለሁለተኛ ሌሊት ይተርፋል። ቲቪ ሲገባ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ትንሽ ባለ 24 ኢንች የ12 ቮልት ቲቪና ሪሲቨሩ አንድ ላይ 34 ዋት አካባቢ ይበላሉ፣ 4 ሰዓት ብታዩ 136። ደምሩት፣ ድፍን 256 ይመጣል። ወረቀት ላይ ልክ ነው ግን ባትሪ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አይሰጥም፣ ስለዚህ ዜናና አንድ ድራማ በሉት፣ ኳስ ካለ ድራማው ይቀራል። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ያስነሳል፣ አስነስቷልም።

ምጣድ ያነሳል ወይ ብላ እህቴ ጠይቃኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው፣ ይሄ ባትሪ ኢንቨርተር ቢገጠምለትና ቢችለው እንኳን 5 ደቂቃ አይሞላም፣ ምጣዱ ሳይግል ያልቃል። ለእንጀራውም ለቆጮውም ምርጥ የሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ይኑራችሁ፣ ለወጡ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ፣ ደረቅ እንጨትና ከሰል ዝናብ የማይደርስበት ቦታ፣ አለቀ። ኢንቨርተርም አትጨምሩበት ባይ ነኝ፣ 12ቱን ወደ 220 ሲቀይር ምንም ሳይሰካበትም ይበላል፣ ለአምፖልና ለስልክ ደሞ አያስፈልግም።

ፓኔሉን እንኳን ሳልጠብቀው ወደድኩት። ባህር ዛፍ ከሌለ። አጎቴ የሳር ቤቱ ላይ እንስቀለው ሲል ነበር፣ ሳር ክዳን ላይ ግን ማሰሪያም አይዝም ዝናብም ያስገባል፣ ጎን ያለው የቆርቆሮ ቤት ላይ አደረግነው። ቡታጅራ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፓኔሉ ብዙ መዘቅዘቅ የለበትም፣ ወደ ደቡብ ዞሮ 10 ወይ 15 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ያቺም ዋና ጥቅሟ ዝናቡ አቧራውን ይዞት እንዲወርድ ነው። ፈጽሞ ጠፍጣፋ ካደረጋችሁት ጭቃ ይይዛል። ጥላን ደሞ አትናቁት፣ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው ያረፈው ብላችሁ እንዳታልፉ፣ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ጥግ ሲጨልም የሙሉው ፓኔል ጉልበት ይወርዳል። የኛ ከ9 ሰዓት በኋላ የጎረቤት ባህር ዛፍ ያርፍበት ነበር፣ ጎረቤት ተለምኖ ቅርንጫፉ ተቆረጠ፣ ቡና ተፈልቶ ነው ያለቀው።

በጋ ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ከሰዓት ሳይገፋ ይሞላል። ክረምት ሌላ ዓለም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከርም የሚገባው ከግማሽ በታች ይሆናል፣ ቲቪ ይታጠፋል። ለዚህ ያገኘሁት መላ ከኪቱ ውጪ ለብቻው የሚሸጥ ከ220 የሚሞላ ቻርጀር ነው። መብራት እኮ ጭራሽ የለም አይደለም፣ ይመጣል ይሄዳል፣ ሲመጣ ባትሪው ይሞላል ሲሄድ ቤቱ ይበራል። ለክረምት ከሁለተኛ ፓኔል ይሄ ይሻላል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። ግን ስትገዙ ለሊቲየም አይረን ፎስፌት የተሰራ፣ 14.6 ቮልት ላይ የሚቆም መሆኑን አይታችሁ፣ የመኪና ባትሪ ቻርጀር አንስታችሁ እንዳትሰኩበት።

የመኪና ባትሪ ካልን ዘንድ፣ ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰው የአሮጌ አይሱዙ ባትሪ ነው በሶላር የሚሞላው። ርካሽ ነው አልፈርድም። ግን የመኪና ባትሪ የተሰራው ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው፣ በየማታው እስከ ታች ካጠባችሁት ቶሎ ይሞታል። ደህናው የሊድ አሲድ ባትሪ (የመኪናውም ዘር ነው) እንኳን ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፣ ስለዚህ 100 አምፒር ሰዓት የተባለው በተግባር 50 ነው በሉት። ሲሞላ ደሞ እሳት የሚይዝ ጋዝ ያወጣል፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ከኩራዝ ጎን የሚያስቀምጡትን ሳይ አንጀቴ ይርዳል።

ጀነሬተርስ የሚል አለ። ቤንዚን በጀሪካን አግኝቶ ገጠር ማድረሱ ራሱ ስራ ነው፣ ጩኸቱ ሌላ። ያላችሁ ሰዎች ግን እባካችሁ ቤት ውስጥም በረንዳ ላይም አታስነሱት፣ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ከሰል ዘግቶ እንደ ማደር ነው።

አሁን የኪቱ መጥፎ ነገር፣ ሽቦው። ለእያንዳንዱ አምፖል 5 ሜትር ሽቦ ነው የሰጡት። የገጠር ግቢ አስቡት፣ ማድ ቤቱ አንድ ቦታ፣ ከብቱ አንድ ቦታ፣ ሽንት ቤቱ እንሰቱ ጀርባ፣ በ5 ሜትር የት ይደረሳል? መቀጠል ይቻላል ግን በዛው ቀጭን ሽቦ ከቀጠላችሁት 12 ቮልት መንገድ ላይ ያልቅና አምፖሉ ይፈዛል። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በሜትር ገዝተን ነው የተስተካከለው፣ ወጪው ሲደመር ከዋጋው ላይ ቀላል አይደለም። ሻጩ ይሄን አልነገረኝም፣ መቼም አይነግርም። ሽንት ቤቱ ጋ ግን አምፖል ከገባ ወዲህ እማዬ ከቲቪውም ከምኑም በላይ የምታመሰግነኝ በሱ ነው፣ ማታ በዝናብ በስልክ መብራት መሄድ ቀረላት።

ሱቁ ጋ ስትሄዱ ሜትርና ካልኩሌተር ያዙ። ቀልድ አይደለም። ጠራራ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ያሳርፋል፣ ደህና ፓኔል ከዛ 20 ፐርሰንት ገደማውን ነው የሚቀይረው፣ ስለዚህ እውነተኛ 80 ዋት ፓኔል 0.4 ካሬ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፣ 70 በ60 ሳንቲም አካባቢ ማለት ነው። ከዛ በጣም አንሶ 80 የተጻፈበት ብዙ አለ። ባትሪውንም አንሱት፣ 20 አምፒር ሰዓት ተብሎ 2 ኪሎ እንኳን ካልሞላ ውስጡ የተባለው የለም። ሰነፍ ከሆናችሁና ሜትር መያዝ ካስጠላችሁ ቬራሶል የሚባል የሶላር እቃ ጥራት የሚመረምር ፕሮግራም አለ፣ ምርመራ ያለፉትን ምርቶች ዝርዝር ማየት ይቻላል፣ ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ይላል ግን ቁጥራቸው ተለክቶ ነው። ደሞ ሁሉንም እዛው አስበርቱት፣ አራቱንም አምፖል፣ ቲቪ መውጫውን፣ ዩኤስቢውን በራሳችሁ ስልክ። "ሁሉም አንድ ነው ወንድሜ፣ ለምን ታደክመኛለህ" ሲል አትፈሩት፣ እየሳቃችሁ አስበርቱት።

ኪቱ የማይሸፍነውን ባጭሩ ልበል። መብራቱ ሲቆይ ወፍጮ ቤቱም ይቆማል፣ ዱቄት ቀድሞ ይፈጭ። ኔትወርኩም የታወሩ ባትሪ ሲያልቅ ይሄዳል፣ ያኔ ቴሌብር ላይ ያለ ብር ብር አይደለም፣ ጥሬ ብር ቤት ይኑር፣ ሬዲዮም ከነድንጋዩ። መብራት ሲመለስ ደሞ አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመጣው፣ የሰፈሩን ቲቪ የጨረሰው መጥፋቱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ሲጠፋ ሁሉም ይነቀል፣ ሲመጣ አንድ አምፖል ብቻ ተበርቶ 10 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ከረጋ በኋላ ይሰካ። ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ የሚስቡ ደሞ ማታ ማታ ቮልቱ ስለሚወርድባቸው ስታብላይዘር ቢኖራቸውም ብዙ አይረዳቸውም፣ ሽቦውን ነው መቀየር።

ዋስትናው አንድ ዓመት ነው፣ ማህተም ያለበት ወረቀት። አንዱ አምፖል ሲሞት ይዤ ሄድኩ፣ "ውሃ ገብቶበት ነው" ምናምን ብሎ ትንሽ ተከራከረ፣ በኋላ ቀየረው። ግን ለአንድ አምፖል ከቡታጅራ መርካቶ የሚመላለስ ሰው የለም፣ የትራንስፖርቱ ብር ከአምፖሉ ይበልጣል፣ ስለዚህ ስትገዙ ሁለት ትርፍ የ12 ቮልት አምፖል እዛው አስጨምሩ፣ ዋጋ ስትከራከሩ ከብር ቅናሽ ይልቅ በሱ ይሰጣሉ። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንዳንዱ የ12 ቮልት አምፖል አቃፊው ከተራው ጋር አንድ አይነት ነው፣ 220 ላይ ከገባ ወዲያው ይቃጠላል። እኛ ትርፎቹን ቀይ ፕላስተር ለጥፈንባቸው ከባትሪው ሳጥን ጋር አስረናቸዋል።