የላይኛው መንጋጋ ማስፊያ ኦፕራሲዮን፦ አጥንቱ ሳይሞላ ብሎኑን እንዳታስወጡ

ኦፕራሲዮኑን ካደረግኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሕመሙ ነው። እኔ ግን መናገር የምፈልገው አጥንቱ እስኪሞላ ስለሚጠበቀው ጊዜ ነው።

በልጅነት ላንቃ መሃል ያለው የአጥንት መጋጠሚያ ገና ስላልጠነከረ በመሣሪያ ብቻ ይሰፋል። ትልቅ ሰው ላይ ግን ግትር ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አጥንቱን ቆርጦ ያላላዋል፤ ከዚያ ላንቃ ላይ የተገጠመው ብሎን ቀስ እያለ ይገፋዋል። ፊቴ አበጠ፣ ከአፍንጫዬ ትንሽ ደም ወጣ፣ የላይኛው ከንፈሬና ጉንጬ ደነዘዙ። እብጠቱ ቶሎ ጎደለ፤ መደንዘዙ ግን ሳምንታት ቆየ። ቀዶ ሐኪሙን አመሰግነዋለሁ፣ እጁ ንጹሕ ነው።

ብሎኑ ወዲያው አይጠመዘዝም። እኔን ሰባት ቀን አስጠበቁኝ፤ በተቆረጠው ቦታ የረጋው ደም አዲስ አጥንት ወደሚበቅልበት ለስላሳ ነገር መለወጥ የሚጀምረው በነዚያ ቀናት ነው። ከዚያ ጠዋት ሩብ ዙር፣ ማታ ሩብ ዙር። አንዱ ሩብ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ በቀን ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ብሎኑን የሚያዞረውን ቁልፍ ስገፋ ከአፍንጫዬ ሥር ውጥር ይለኛል። በአራተኛው ቀን ምላሴ የፊት ጥርሶቼ መሃል ፍንጭት አገኘ። በጣም ደስ አለኝ፤ አጥንቱ መከፈቱን የሚያሳየው እሱ ነዋ።

ቅር ያለኝ ከዚህ በኋላ ነው። መስፋቱ በሁለት ሳምንት አለቀ፣ ብሎኑ ተቆልፎ አፌ ውስጥ ቀረ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ግን ማንም በወጉ አላስረዳኝም። ብዙም ሳይቆይ ፍንጭቱ መጥበብ ሲጀምር "ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ" ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ጥርሶቹን የሚያቀራርባቸው የድዱ ክሮች ጉተታ ነው፣ አጥንቱ ባለበት አለ። ይቺን አንድ ነገር ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

በሦስተኛው ወር ብሎኑ እንዲወጣልኝ ለመንኩ። የጥርስ ማስተካከያ ሐኪሟ ሲቲ ስካኑን ከፍታ ላንቃዬ መሃል ያለውን ጥቁር መስመር በጣቷ አሳየችኝ። አጥንት ከሁለቱ ጠርዞች ተነሥቶ ወደ መሃል ነው የሚሞላው፤ የኔ መሃሉ ገና ባዶ ነበር። ያኔ ቢወጣ ሁለቱ ወገኖች ተመልሰው ሊጠጉ ይችሉ ነበር። በስድስተኛው ወር መስመሩ ግራጫ ሆኖ አየሁት፣ እንደ ጎረቤቱ አጥንት ግን አልነጣም። ስለዚህ ብሎኑ ሲወጣ ስፋቱን የሚይዝ ሽቦ በዚያው ቀን ተተካ።

የምታጨሱ ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አቁሙ፣ ሲጋራ የአጥንትን መዳን ያዘገያል። ከመፈረማችሁ በፊትም ብሎኑ ስንት ወር እንደሚቆይና ሲወጣ በምን እንደሚተካ ጠይቁ። ለቀዶ ሕክምናው አምስት ኮከብ፣ ለማስረዳቱ ሁለት።