ለብሉ ማውንቴንስ የዱካ ሠራተኞችና ለብላክሂዝ ሬንጀሮች ምስጋና፣ ሃይኪንግ ለምትወዱ ደግሞ ጥቆማ

ይህ ምስጋና ለሁለት ወገን ነው። አንዱ ወገን በብሉ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የድንጋይ ደረጃ የሚሠሩት፣ ድልድይ የሚጠግኑት፣ ከማዕበል በኋላ መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ ቆርጠው የሚያነሱት የዱካ ሠራተኞች ናቸው። ሌላው ብላክሂዝ ከተማ፣ ጎቬትስ ሊፕ መንገድ ላይ ባለው የፓርኩ ሄሪቴጅ ሴንተር የገባውን እንግዳ ሁሉ «ከማን ጋር ነው የምትሄዱት? እስከ ስንት ሰዓት ጊዜ አላችሁ?» እያሉ የሚያስተናግዱት ሬንጀሮች፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ናቸው። ሁሉም የኒው ሳውዝ ዌልስ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው። ምክራቸው በነፃ ነው፤ የአደጋ መጥሪያ መሣሪያም በነፃ ያውሳሉ። አብዛኛው አበሻ ግን ኢኮ ፖይንት በሚባለው መመልከቻ ላይ ሦስቱ እህትማማቾች ከተባሉት ዓለቶች ጋር ፎቶ ተነሥቶ፣ ቡና ጠጥቶ ወደ ሲድኒ ስለሚመለስ ስለ እነሱ የሰማ ጥቂት ነው።

ምክራቸው ለምን እንደሚያስፈልግ የመሬቱ አቀማመጥ ይናገራል። ተራራ ሲባል እኛ የለመድነው መጀመሪያ መውጣት፣ ኋላ መውረድ ነው። እዚህ ግን ባቡሩም መኪናውም የሚያደርሳችሁ አናቱ ላይ ነው። ኢኮ ፖይንት ያለባት የካቱምባ ከተማ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ የእግር መንገዶቹ ከገደሉ አፍ ተነሥተው ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይገባሉ። ነገሩ ዓባይ በረሃን ወርዶ እንደመውጣት ነው፤ ቀላሉ ክፍል በትኩስ ጉልበት ያልቅና ዳገቱ የሚጀምረው ውሃ ሲጎድልና እግር ሲዝል ነው። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በዚህ ከፍታ ትንፋሽ አያጥረውም፤ ይህም ያታልላል። በቁልቁለቱ ደረጃ የሚጎዳው ጉልበቱ ነው፣ ሕመሙም የሚሰማው ታች ከደረሰ በኋላ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ የእግር መንገዶች ከ1 እስከ 5 ግሬድ አላቸው። የሚመዘኑት በርቀት፣ በዳገት፣ በመሬቱ ሁኔታ፣ በደረጃ ብዛት፣ በምልክትና በሚጠይቁት ልምድ ነው። ግሬድ 1 ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ከ5 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው በረዳት ሊሄድበት ይችላል። ግሬድ 2 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀለል ያለ ዳገትና አልፎ አልፎ ደረጃ አለው። ግሬድ 3 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ደረጃው ይበዛል፣ አጫጭር ቀጥ ያሉ ዳገቶችም አሉት። ግሬድ 4 ረጅም፣ ሻካራና በጣም ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል፤ አቅጣጫ ጠቋሚውም ይሳሳል። ግሬድ 5 ካርታና ኮምፓስ ለሚያነብ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ለሚያውቅ፣ ልምድ ላለው ሰው ብቻ ነው።

ቁጥሩ የማይነግራችሁን ሬንጀሩ ይነግራችኋል። ብላክሂዝ ያለው ግራንድ ካንየን ለምሳሌ ዙሪያው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱን ብቻ ያየ ሰው በሁለት ሰዓት እጨርሰዋለሁ ይላል። የሚፈጀው ግን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ታች ያለው ጅረት በድንጋይ ላይ እየተረገጠ ይሻገራል፣ ድንጋዩም ሙልጭልጭ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እስከ ኢቫንስ መመልከቻ ድረስ ዳገት ነው። ትናንት ከባድ ዝናብ ከነበረ ወይም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከተተነበየ፣ ያንን ጠባብ ሸለቆ ተዉትና ሌላ እንፈልግላችሁ ይሏችኋል። ስሟቸው፤ እዚያ ውስጥ ውሃው በፍጥነት ይሞላል፣ መውጫው ደግሞ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው። ለሰዓት ስሌት የሚያዋጣው ልክ፣ ደረጃ በበዛበት መንገድ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብሎ ማሰብ ነው።

ከሀገር ቤት እናት ወይም አባት መጥተው ከሆነ የፌርፋክስ ሄሪቴጅ መንገድን ጠይቁ። ከሴንተሩ ደጅ ይነሣል፣ የተነጠፈ ነው፣ ለዊልቸርና ለሕፃን ጋሪ የተሠራ ነው፣ የሚያበቃውም ጎቬትስ ሊፕ መመልከቻ ላይ ነው። 180 ሜትር የሚወረወረው ፏፏቴ ከዚያ ፊት ለፊት ይታያል። ነጠላ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ነው። ኢኮ ፖይንት ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ፤ ከመመልከቻው ወደ መጀመሪያዋ እህት ድልድይ የሚወስደው መንገድ አጀማመሩ የዋህ ይመስላል፣ መጨረሻው ግን ቀጥ ያለ ደረጃ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጃይንት ስቴርዌይ ይቀጥላል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1932 የተከፈተ፣ ከ800 በላይ ደረጃ ያለው መውረጃ ነው። ወርዶ ሲኒክ ወርልድ በሚባለው መዝናኛ የገደል ባቡር እመለሳለሁ ያለ ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ታች ያለው መንገድና ባቡሩ ዛሬ ክፍት ናቸው ወይ? የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት ነው? ባቡሩ ካመለጠ ያለው አማራጭ ደረጃውን በእግር መውጣት ነው።

ሠራተኞቹ የሚደክሙበትን ነገር ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ትገረማላችሁ። አካባቢው ሁሉ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ በመሮ ይጠረባል፣ በውሃ ደግሞ ይበላል። መኪና ወደማይገባበት ገደል ድንጋዩ በሄሊኮፕተር ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ በሰው እጅና በብረት ዘንግ እየተገፋ ይቀመጣል። አንድ ደረጃ በደንብ ተቀመጠ የሚባለው ሲረገጥ ካልተነቃነቀ፣ ፊቱም ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ውጭ ትንሽ ካዘነበለ ነው። በየጥቂት ሜትሩ መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ የድንጋይ መስመር ታያላችሁ። ብዙ ሰው ደረጃ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን የዝናቡን ውሃ ወደ ጎን ማውጣት ነው። በቅጠል ከተደፈነ ውሃው መንገዱን ራሱን ቦይ አድርጎት ይወርዳል፣ በአንድ ክረምትም ደረጃው ሥሩ ይቦረቦራል። ስለዚህ ጭቃ ሲያጋጥማችሁ በዳር አትዙሩ፣ መሐሉን ረግጣችሁ እለፉ። በዳር የዞረ ሁሉ መንገዱን ያሰፋል፣ የሰፋው ደግሞ በሚቀጥለው ዝናብ ይናዳል። ጠመዝማዛውን ትቶ በአቋራጭ መውረድም ጉዳቱ ያው ነው። እነዚህ ሰዎች ወር የፈጀባቸውን ሥራ የአንድ ቅዳሜ መንገደኛ ሊያበላሸው ይችላል።

አሁን ወደ አደጋ መጥሪያው እንምጣ፤ ጥቆማውን ያስጻፈንም በዋናነት እሱ ነው። ፒ.ኤል.ቢ ይባላል፣ በእጅ መዳፍ ይያዛል። ሸለቆው ውስጥ ስልክ በአብዛኛው አይሠራም፤ ይህ መሣሪያ ግን በ406 ሜጋኸርዝ በቀጥታ ወደ ሳተላይት ይልካል፣ ጥሪውም ካንቤራ ላለው የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ይደርሳል። ከብላክሂዝ ሄሪቴጅ ሴንተር፣ እንዲሁም ከካቱምባና ከስፕሪንግዉድ ፖሊስ ጣቢያ በነፃ ትዋሳላችሁ። ቅጽ ላይ ስማችሁን፣ የምትሄዱበትን መንገድ፣ የምትመለሱበትን ሰዓትና የቤተሰብ ስልክ ታስመዘግባላችሁ፣ አለቀ። በማለዳ መነሣት የሚፈልግ ከዋዜማው ደውሎ ይጠይቅ፤ የፓርኮቹ የመረጃ ስልክ 1300 072 757 ነው።

አጠቃቀሙን ጠረጴዛው ላይ ያሳዩዋችኋል፣ ችኮላ አታብዙ። አንቴናውን ዘርግቶ ቁልፉን መጫን፣ አንቴናውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ አንዴ ከተከፈተ እስኪደርሱላችሁ ድረስ አለመዝጋት። ባትሪው ቢያንስ 24 ሰዓት ይሠራል። ገደል ሥር ወይም ዋሻ አፍ ላይ ከሆናችሁ ሳተላይቱ ላያየው ይችላል፤ መንቀሳቀስ አደጋ ከሌለው ሰማይ ወደሚታይበት ውጡ። ጥሪው ደረሰ ማለት ሄሊኮፕተር በአሥር ደቂቃ መጣ ማለት አይደለም። ጉምና ነፋስ ካለ ነፍስ አድኖቹ በእግር ይመጣሉ፣ ሌሊትም ሊሆን ይችላል። ጃኬትና የራስ ባትሪ ለአጭር መንገድም ያዙ የሚሉት ለዚህ ነው። በስሕተት የከፈተ ሰው ወዲያው ዘግቶ ለማስተባበሪያው ይደውል፤ ሳያውቁ በመክፈት ቅጣት የለም፣ ዝም ብሎ መደበቁ ግን ፈላጊ ሰዎችን በከንቱ ያስወጣል።

ስልክ በሚሠራበት ቦታ 000 ነው። ኦፕሬተሩ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ ወይስ አምቡላንስ ሲል ጫካ ውስጥ ለጠፋ ሰው «ፖሊስ» በሉ፤ እንግሊዝኛ የማይመቸው ከዚያ «አምሃሪክ» ብሎ መስመሩን ሳይዘጋ ይጠብቅ፣ አስተርጓሚ ይገናኛል።

የእኛን ሰው የሚመለከት ሌላም አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ቡናው ተጠጥቶ ከሲድኒ የተነሣ ሰው ካቱምባ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በአገሩ ሰዓት 5 ገደማ፣ በእኛ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። በዚያ ሰዓት የሚያዋጣው የአናቱ መመልከቻዎች ናቸው እንጂ መውረድ አይደለም። ለቤተሰብ «10 ሰዓት እመለሳለሁ» ብላችሁ መልእክት ስትልኩም በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። በእኛ 10 ማለት በአገሩ 4 ነው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ፍለጋውን ያዘገየዋል።

ለስንቅ በሶና ቆሎ ከማንኛውም የሱቅ ብስኩት ይሻላሉ፣ ጾም ለያዘም ይሆናሉ። በበጋ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ ቁጠሩ። የጅረቱን ጥራት አትመኑ፤ ከተሞቹ ያሉት ከጅረቱ በላይ፣ ጫፉ ላይ ነውና ፍሳሹ ወደዚያው ይወርዳል። አልቅት ከዝናብ በኋላ ይበዛል፣ ከማናደድ በቀር ብዙ አይጎዳም። እባብ ግን ሙቀት ባለበት ወራት አለ። ቦርሳ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የሚለጠጥ ፋሻ ሁለት ወይም ሦስት ይኑር። ከተነደፈበት ቦታ ጀምሮ እግሩን ወይም እጁን በሙሉ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል፣ በእንጨት ደግፎ ማሰር፣ ሰውየውን ፈጽሞ አለማንቀሳቀስ ነው። ሀገር ቤት እንደሚደረገው ከቁስሉ በላይ በገመድ ማነቅ፣ መብጣት ወይም መምጠጥ አይሆንም፤ ቁስሉንም አትጠቡት፣ ሐኪሞቹ መርዙን የሚለዩት ከዚያ ነው።

«ዝግ» የሚል ምልክት ካያችሁ አጥሩን አትሻገሩ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ዌንትዎርዝ ፎልስ አካባቢ፣ ዌንትዎርዝ ፓስ ላይ በወረደ ናዳ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። በ2019 እና 2020 የነበረው ቃጠሎ ደግሞ ከዓለም ቅርስነት ክልሉ 80 በመቶ ያህሉን አዳርሷል። ናዳውም ቃጠሎውም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጭምር መንገድ ያዘጋሉ፣ ምክንያቱ ለመንገደኛው ላይታይ ይችላል። በሄዳችሁበት ቀን ማለዳ የፓርኩን ማስጠንቀቂያ ገጽ ተመልከቱ፤ የአንዱ ዱካ መዘጋት ሌላውን ስለሚነካ ካልገባችሁ ለሴንተሩ ደውሉ።

ሄሪቴጅ ሴንተሩ ከብላክሂዝ ባቡር ጣቢያ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ስትገቡ መንገድ መርጣችሁ አትሂዱ፤ ማን አብሯችሁ እንዳለ፣ ስንት ሰዓት እንዳላችሁ፣ ከዚህ በፊት የት እንደሄዳችሁ ንገሯቸውና እነሱ ይምረጡላችሁ። የተዋሳችሁትን መሣሪያ በተባለው ቀን መልሱ፤ ቁጥሩ ውስን ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ተፈላጊው ብዙ ነው።