ዝዋይ በታንኳ እንወስዳችኋለን ለሚሉት ሳታጣሩ እንዳትከፍሉ

ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ደብረ ሲና ያላችሁ ሰዎች ይቺን አንብቡና ለቤተሰብ ሼር አድርጉ። «የቤተሰብ የታንኳ ጉዞ፣ ዝዋይ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን» እያሉ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉት ልጆች አሁን ደግሞ ለገና መመዝገብ ጀምረዋል። ለትልቅ ሰው 4,500 ለህፃን 3,000 ብር ነው፣ ግማሹን በቴሌብር ቀድማችሁ ታስገባላችሁ፣ እሱም በግለሰብ ስም ነው፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። እኛ ከነልጆቻችን ከነአማቴ ሄደን ያየነውን ልንገራችሁ።

ፎቶውን ልብ በሉ። ጥርት ያለ ውሃ ላይ አበባ ተኝቶ፣ አንድ ሰውዬ ከኋላ ቆሞ ጠባብ ታንኳ በረጅም እንጨት እየገፋ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ዝሆን ውሃ ሲጠጣ። ዝዋይ ላይ ዝሆን! የባለቤቴ ወንድም ጎግል ላይ ሲፈልገው ፎቶው የቦትስዋና ሆኖ ተገኘ፣ ኦካቫንጎ የሚባለው ረግረግ። እዛ ታንኳዋን ሞኮሮ ነው የሚሏት፣ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ በእንጨት መሬቱን እየገፉ ነው የሚሄዱት። ከአንጎላ ደጋ የሚወርደው ውሃ ባህር ሳይደርስ ካላሃሪ በረሃ ላይ ተበትኖ ይቀራል፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2014 ሺኛው የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ማየቱን ማን ይጠላል፣ ግን በ4,500 ብር ከጠባሴ ተነስቶ የሚደረስበት አይደለም። የኛው ዝዋይ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ቢሆንም ያምራል፣ አባ ኮዳው አሳ አጥማጆቹ እግር ስር አንጀት ሲለቅም ልጆቼ በሳቅ ሞተዋል። ሀይቁ ምን አደረገ።

ቀጥሎ ሂሳቡን አስሉት። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ዝዋይ 160 ገደማ፣ ደርሶ መልሱ ወደ 600 ሊሞላ ነው፣ አዲስ አበባን ለማለፍ የሚፈጀውን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዛ ብርድ ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጥተን የደረስነው ከቀኑ 7 ሰዓት አልፎ ነው። ሀይቁ ደግሞ ጠዋት ነው ረጋ የሚለው፣ ከሰዓት ንፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉ ጀልባውን ያላጋዋል። ስለዚህ ከዚህ ተነስቶ አዳር የሌለው ፓኬጅ ካያችሁ እዛው ተዉት።

ለቤተሰብ ብቻ የተባለችው ታንኳ የለችም። ሞተር ያላት የእንጨት ጀልባ ላይ ከሌላ ሚኒባስ ከመጡ ሰዎች ጋር አጨቁን፣ ረዳቱ በግማሽ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይዞ ከጀልባዋ ውስጥ ውሃ እየቀዳ ይደፋል፣ እንደዛ እየቀዳም «ኖርማል ነው» ይለናል። ላይፍ ጃኬቱ በሙሉ የትልቅ ሰው ነው። የልጄ ማያያዣው ተሰብሮ ስለነበር በሲባጎ አሰሩላት፣ እጇን ከፍ ስታደርግ ጃኬቱ ጆሮዋ ላይ ደረሰ፣ ውሃ ውስጥ ብትገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል ልጄ ትሰምጣለች ማለት ነው። እንደዚህ አይነቱን ካያችሁ አትሳፈሩ፣ ብሩ ይቅር።

ጉማሬ ለማየት ደግሞ ሌላ 300 ብር በሰው አሉን፣ ማስታወቂያው ላይ ተካቷል የተባለው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ማታ ነው ሳር ሊግጥ የሚወጣው፣ በሱና በጥልቁ ውሃ መሀል የገባ ጀልባ ደግሞ መንገዱን እንደዘጋበት ነው የሚቆጥረው። የኛው ሹፌር ልክ እዛ መሀል ገብቶ ፎቶ አንሱ ብሎ ሞተሩን አጠፋው፣ ከዛ አልነሳ አለ። ገመዱን ደጋግሞ ሲስብ ጀልባው በሙሉ ዝም አለ፣ መጨረሻ ላይ ተነሳ እግዚአብሔር ይመስገን።

ፓኬጁ ላይ የደብረ ሲናና የቱሉ ጉዶ ደሴቶች ነበሩ። (አማቴ ደብረ ሲና ሲባሉ «ጣርማበርን ወርጄ የማየውን አገሬን ከፍዬ ልየው?» ብለው ነበር፣ በዛ ስም ዝዋይ ላይም ደሴት አለ።) እሳቸው የጓጉት ግን ለቱሉ ጉዶ ነው፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን የተሸሸገባት ነች ስለሚባል ገዳሟን ደብረ ጽዮንን ሊሳለሙ ነጠላቸውን አጥበው ነው የመጡት። ቱሉ ጉዶ ሩቁ ደሴት ነው፣ እነሱም «መሽቷል» ብለው ከመንገድ መለሱን። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ሌላው ልጆቹ ደንገሉ ስር ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ አስጎብኚ ነኝ የሚለው ልጅ ችግር የለውም አለ። አለው። ዝዋይ ላይ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ፣ ቀንድ አውጣው ዳር ዳር ሳሩ ላይ ነው የሚኖረው፣ ትሉ ከሱ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው። ልጆቻችሁ ነክረው ከነበረ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩ፣ መድሃኒት አለው።

ብራችንን ስንጠይቅ ቁጥራችንን ብሎክ አደረጉት። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ አሳሳች ማስታወቂያም ይከለክላል። ስለዚህ የቴሌብሩን ሜሴጅና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት እንዳታጠፉ፣ እነሱ የለጠፉትን ቶሎ ነው የሚያነሱት። እኛ ሰኞ ጠዋት ንግድ ጽህፈት ቤት ማመልከቻ ልናስገባ ነው፣ ከነሱ ጋር የሄደ ወይ ቀብድ የከፈለ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አብረን እንግባ።